እርጥብ ስላይድ
የላብራቶሪ ሥራዬ ያለበት ጮሌ ደጋ ነው፤ ወባ ይዞት የሚመጣብን ብዙውን ጊዜ ቆላ ወርዶ የከረመ ሰው ነው። ደሙን በስሱ ስላይድ ላይ አስጥቼ፣ በሜታኖል አጽንቼ፣ የጊምሳ ቀለም ቀብቼ አያለሁ። የወባን ተውሳክ ለማየት ይህ ይበቃል።

ቀይ የደም ሴሉ ግን ኑሮው እየፈሰሰ ነው። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ሆኖ ሳለ ከዚያ በሚጠብ ቧንቧ ያልፋል። የሚያልፈውም እንደ ጎዶሎ የገብስ ጆንያ ስለሆነ ነው፤ ቆዳው ለያዘው ይሰፋዋል፣ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የገባበት ሴል ደግሞ እየደደረ ይሄዳል። ድድርናውን የደረቀ ስላይድ አያሳይም።

ስለዚህ ከሥራ ሰዓት ውጭ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ይዤ ሌላ ሙያ እለማመዳለሁ። በአምፖሉ ቦታ የሌዘር ጠቋሚ፣ በዓይን መመልከቻው ቦታ ካሜራ ገብቷል። (ሌዘሩ በርቶ ዓይን ወደዚያ ፈጽሞ አይጠጋም።) ጠብታው ከራሴ ጣት ነው፤ ለጊዜው የምለማመደው በጤነኛ ደም ነው። ከቨር ስሊፕ ደፍቼ፣ በአንዱ ጠርዝ ፈሳሽ ጠብ አድርጌ፣ በሌላው ሶፍት አስነካለሁ። ሶፍቱ ሲመጥ ሴሎቹ ጉዞ ይጀምራሉ። ጫን ካሉት ግን ሁሉም በአንዴ ተጠርጎ ይሄዳል።

ካሜራው ላይ የሚወጣው ሴል ሳይሆን ቀለበት ነው፤ ሴሉ የበተነው ብርሃን ሳይነካው ካለፈው ጋር ተገናኝቶ የሠራው። ሆሎግራም የሚባለው ይህ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር የሆሎግራምን ሐሳብ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ሌዘር ገና አልነበረም፤ ኖቤል የተሸለመበትም በ1971 ነው። ዛሬ በድሮው የፎቶ ፊልም ቦታ ካሜራ አለ፤ ቀለበቱን ወደ ምስል የሚመልሰው ኮምፒዩተር ነው። በ40 ኦብጀክቲቭ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እየፈሰሰ ከፍ ዝቅ የሚል ሴልን በፎከስ መዘውር ማሳደድ ከንቱ ልፋት ነው። በሆሎግራም ፎከሱ በኋላ ይሰላል፤ ሴሉ የቱ ጥልቀት ላይ እንደነበር ከአንድ ፍሬም ይገኛል።

ኮምፒዩተሩ ግን እጅን አይተካም። ደሙ ካልቀጠነ ቀለበቶቹ ተደራርበው አንዱ ከአንዱ አይለይም። በሴላይን ብቻ ከቀጠነ ደግሞ መስታወቱ ራሱ ሴሉን እሾሃማ ያደርገዋል፤ ጥቂት ፕላዝማ ሲኖርበት ነው ቅርጹን የሚይዘው። ኮምፒዩተሩ እሾሃማውንም ያለ ቅሬታ አስልቶ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ስለ ሴሉ ሳይሆን ስለ አዘገጃጀቴ ነው የሚናገረው። አቧራም የራሱ ቀለበት አለው፤ ደግነቱ አይጓዝም። ስለዚህ ሴል የሌለበትን ምስል አስቀድሜ አንስቼ ከእያንዳንዱ ፍሬም ላይ እቀንሰዋለሁ።