ሥዕልን በአደባባይ ስለ መሸጥ

ሰው የድካሙን ፍሬ በአደባባይ አውጥቶ መሸጡ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው ያልሆነውን ነው ብሎ ሲሸጥ ነው። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው መስከረም በከተማችን በኩታበር ያየሁት ነገር ነው።

ለመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚሄደው ምእመን ከደሴ ተነሥቶ በእኛ በኩል ያልፋል። በዚያ ሰሞን የመንገዱ ዳር ሁሉ ገበያ ነው፤ ጧፍ፣ መስቀል፣ ዳቦ፣ በማተሚያ የታተመ ሥዕልም ይሸጥበታል። በዚህ መካከል አንድ ጐልማሳ በሁለት ባሕር ዛፎች ላይ ገመድ ወጥሮ፣ በእጁ የሣላቸውን ሥዕሎች ሰቅሎ ቆሟል። ቀረብ ብዬ ባየው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሒሳብ ደብተሩ ላይ በሬ ሥሎ ባገኘሁ ጊዜ ቅጠሉን ገንጥዬ፣ «ይህ እንጀራ አይሆንህም» ብዬ የቀጣሁት እኔ ነበርሁ። ባደግሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ሥዕል ለትምህርት ማስረጃ በግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር እንጂ፣ የሰው መተዳደሪያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ተመለከትኋቸው። ሦስት ዐይነት ናቸው። የመጀመሪያው በ44 ክፍል የተሣለ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። ቀለሙ ደማቅ፣ አከፋፈሉም የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ስትጓዝም፣ ስትደነቅም፣ ስታዝንም ፊቷ አንድ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ግን በጐን በአንድ ዓይን ሲሥል ምክንያት ነበረው፤ የተማሪዬ ፊቶች የተመሳሰሉት ግን ከችኮላ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ከታተመ ሥዕል የተቀዳ ነው፤ ከማተሚያው ጋር በዋጋ ሊወዳደር ስለ ተሣለ ከማተሚያው አንሶ ቀርቷል። ሦስተኛው በትንሽ ሸራ ላይ የተሣለ የኩታበር ገበያ ነው። አንዲት ሴት ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ገዢ ትጠብቃለች። የእጆቿ መጠን ልክ አይደለም፤ ዓይኖቿ ግን ሳይሸጥላት የመሸባትን ሴት ያሳያሉ። ከሦስቱ ሠዓሊው ራሱ ያየውን የነገረኝ ይህ ብቻ ነው። የሚሸጥለት ግን የመጀመሪያው መሆኑን ነገረኝ።

ይህ ንግድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሥሉ የነበሩ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን የዓድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ይሸጡላቸው ጀመር። በፓሪስም በሞንማርትር አደባባይ ሠዓልያን ከከተማው ፈቃድ እየተቀበሉ በሜዳ ላይ ይሸጣሉ፤ ማንም አይንቃቸውም። በእኛም አገር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. ተከፍቷል። አዋጁም ትምህርት ቤቱም እያለ፣ ንቀቱ ግን በልባችን ቀረ፤ የተማሪዬን ቅጠል የገነጠለው እጄ ለዚህ ምስክር ነው።

ወደ ማታ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለኝ። አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «በብራና ላይ ሣልልኝ፤ ከዚያ በጢስ አጥቁረህ፣ ጠርዙን አሽተህ ስጠኝ፤ ሦስት እጥፍ እከፍልሃለሁ» ብሎታል። አዲሱን ሥዕል የጥንት ነው ብሎ ሊሸጠው ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ከገባ፣ ይልቁንም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ሥዕል ገዢው ጎብኚ ስለ ሳሳበትና የሚያበላቸው ሁለት ልጆች ስላሉት፣ ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

«ኃጢአት ነው፣ ተው» ብዬ ብቻ ብሄድ ያው ቅጠል ገንጣዩ መምህር መሆኔ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። አንዱን የንግሥተ ሳባ ሥዕል በ2500 ብር ይሸጣል። ለሸራና ለቀለም 900፣ ለመጓጓዣና ለምግብ 400 ብር ያወጣል። የቀረውን 1200 ብር ለሠራበት 9 ቀን ብናካፍለው ለአንድ ቀን 133 ብር ከሳንቲም ሆነ። ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ያገኛል። የተማሪዬ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ የሸራውን ዋጋ ቈጥሮ የራሱን ቀን አልቈጠረም። ቀኑን ያልቈጠረ ሰው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ፊቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ሥዕሉ ሲረክስ ደግሞ ጢስ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ አዳኝ ይመስለዋል።

ቀጥዬም እንዲህ አልሁት፦ «በጢስ ባጠቈርኸው ብራና ላይ ስምህን መጻፍ ትችላለህን? አትችልም። ስምህ ከሌለበት የወደደው ሰው ተመልሶ ወዴት ይፈልግሃል? ጥንታዊ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነውና፣ ገዢው በአውሮፕላን ጣቢያ ቢያዝ የሚረግመው ማንን ነው? ሦስት እጥፉ የአንድ ጊዜ ነው። ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ሲሥሉ ቆዳውን የጥንት አስመስለው አልሸጡትም፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ገዢው ቢሾፍቱ ድረስ በስማቸው ይፈልጋቸው ነበር። ንግሥተ ሳባን ሣል፤ ነገር ግን ጥቂት ክፍል አድርገህ ለእያንዳንዱ ፊት ጊዜ ስጠው። ከታተመ መቅዳቱን ተው። እንደ ዶሮዋ ሴት ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች አብዛ፤ የመንገደኛ ኪስ ይችላቸዋል።»

ዝም ብሎ ሰማኝ። ለነጋዴው ምን እንደ መለሰለት እስካሁን አላውቅም፤ እርሱ የሚያበላቸው ልጆች እኔ የሌሉኝ መሆኑንም አልረሳሁም። እኔ ግን የዶሮዋን ሴት ሥዕል የጠየቀኝን 600 ብር ሳልከራከር ከፍዬ ገዛሁ። ሥዕሉን ገልብጦ በጀርባው ስሙን፣ ኩታበርንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፈበት፤ ዛሬ ከማነብበት ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ በመንገድ ዳር ሥዕል ይዞ የቆመ ሰው ባያችሁ ጊዜ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት፣ «ስንት ቀን ፈጀብህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሥዕል የምትሥሉም ብትሆኑ፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።