ፊኒሺንግ «ብቻ» አይደለም

በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ጅምር ቤቶች አካባቢ ከአፍ የማይጠፋ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ ፊኒሺንግ። «ቤቱ አለቀ?» ሲባል «ፊኒሺንግ ብቻ ነው የቀረው» ይባላል። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ተመቷል፤ የቀረው ልስኑ፣ ሴራሚኩ፣ ጂፕሰሙና ቀለሙ ነው። ይኸው ቃል የጥራት መለኪያም ሆኗል፤ «ፊኒሺንጉ ያምራል» የሚባለው ለቁም ሣጥንም ለኮትም ነው።

«ብቻ» የምትለዋ ግን ባለሙያውን ትበድለዋለች።

በጥሩ እጅ የተሠራ መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ ወለሉን ተመልከቱ። ባለሙያው የመጀመሪያዋን ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ክፍሉን ለክቶ፣ ረድፉን በደረቁ ደርድሮ ያየዋል። ተቆርጦ የሚገባው በአንዱ ጥግ ስስ ቁራጭ ሆኖ እንዳይቀር ለሁለቱ ዳር እኩል ያካፍለዋል። የወለሉን መስመር ከግድግዳው መስመር ጋር ያጋጥማል። ወለሉን በሜትር አንድ ሁለት ሳንቲም ያህል ወደ ማፍሰሻው ያዘነብለዋል፤ ዓይን አያስተውለውም፣ ውሃ ግን አይስተውም። በመጨረሻም እያንዳንዱን ሴራሚክ ያንኳኳል፤ ከሥሩ ባዶ የቀረው በድምፁ ይታወቃል።

ጂፕሰም ደግሞ ፍጥነት ይጠይቃል። ከውሃ ጋር ከተገናኘ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠጥር፣ የሚያውቅ ሰው እጁ የሚችለውን ያህል ብቻ ያቦካል። ሥራውን መመርመር የፈለገ ማታ ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ያብራ፤ ቀን ለጥ ያለ የመሰለው ሁሉ ጉብታው ጥላ ይጥላል። የጎበዝ ሰው ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ያልፋል።

ዕቃው ለሁሉም አንድ ነው። የሙገር ሲሚንቶና የአምቦ ድንጋይ በቡራዩ፣ የደርባ ሲሚንቶ በሱሉልታ መንገድ ይመጣል። ከአንድ መኪና በወረደ ዕቃ የተሠሩ ሁለት ጎረቤት ቤቶችን የሚለያያቸው እጅ ነው።

የፊኒሺንግ ሠራተኛ የሌላውንም ጥፋት ይሸከማል። ግንበኛው ቱንቢውን ችላ ካለ፣ ከላይ ሁለት ጣት የነበረው የሴራሚክ ቁራጭ ከታች አንድ ጣት ይሆናል። ያንን ለማቅናት ልስን ይወፍራል፣ ሲሚንቶ ይባክናል፣ ቀንም ያልቃል። ስለዚህ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ የፊኒሺንግ ባለሙያችሁን መሠረት ስታወጡ ጥሩት፤ የበሩን ስፋት፣ የቧንቧውን ቦታ፣ የወለሉን ከፍታ ከግንበኛው ጋር አብሮ ይወስን። የሚከፈለውም የመጨረሻ ተራ ስለደረሰው ከተራረፈው ገንዘብ ሳይሆን፣ እንደ እጁ ልክ ይሁን።