መቀነት የማይጠግነው

የሀብሩ እናት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የመርሳ ገበያ ሸክሟን ትችላለች። መቀነት ግን ወገብ ይደግፍ እንጂ የሳሳ ሆድ አይጠግንም። በተደጋጋሚ እርግዝና የሆድ ጡንቻዎች ይራራቃሉ፤ በሳሳው በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ እምብርት አጠገብ፣ አንጀት ወይም ሞራ ሾልኮ ሲወጣ ሄርኒያ ነው።

የማደንቀው ሁለቱን ችግር በአንድ ማደንዘዣ የሚጨርሰውን ቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሙ የወጣውን ይመልሳል፣ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው የፕላስቲክ መረብ ያጠናክረዋል። ከዚያ የተራራቁትን ጡንቻዎች ሰፍቶ ያቀራርባል፤ የተንጠለጠለውን ቆዳ ቆርጦ ያነሳል። «ለቁንጅና ነው» የሚሉ አሉ። ቀጥ ብሎ መቆም ቁንጅና ከሆነ፣ ይሁና!

ቀጠሮ የማይጠብቀው የታነቀ ሄርኒያ ነው፦ እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመና ካስመለሰ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ወልድያ ሆስፒታል።