ስለ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች አሻሻጥ የቀረበ አጭር ሂስ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በገበያ ቀን ወደ መድኃኒት መደብር ጎራ ያለ ሰው «ለወገብ የሚሆን ስጡኝ» የሚል ድምፅ መስማቱ አይቀርም። እንሰት ሲፍቁ የሰነበቱ እናትም፣ ሸክም የጎዳው ወጣትም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ሻጩም ከእሽጉ ጥቂት ፍሬ በመቀስ ቆርጦ በትንሽ ፖስታ ይከትና በላዩ «1×2» ብሎ ይሰጣል፤ አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ማለቱ ነው። የአጠቃቀሙ መግለጫ ግን ከካርቶኑ ጋር በመደብሩ ይቀራል፤ ቢሰጥም በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ለብዙው ገዢ አይጠቅመውም። የምንነቅፈው ይህን አሰጣጥ ነው።

ነቀፋችን ያለ ምክንያት እንዳይመስል የመድኃኒቱን አሠራር በአጭሩ እንግለጽ። ሰውነት ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይመነጫሉ፤ ሕመሙና እብጠቱም በእነርሱ ይብሳል። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዱት አስፕሪንና መሰሎቹ የእነዚህን መመንጨት ይከለክላሉ፤ በዚሁም መስክ ስለ ሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የአይቡፕሮፌንና የዳይክሎፌናክም መንገድ ይኸው ነው። ነገር ግን ይኸው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፤ የኩላሊትንም የደም ዝውውር ይረዳል። እንግዲህ ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

ፓራሲታሞል ከእነዚህ ይለያል። ጨጓራን እምብዛም አይጎዳም፤ እብጠትንም እምብዛም አይቀንስም፤ ከልኩ ካለፈ ግን ጉበትን ያጠፋል። ለዐዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም።

«1×2» ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይናገርም። ለስንት ቀን ይወሰድ? ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ ጾመኛ በባዶ ሆዱ ይዋጠውን? ጨጓራው ቀድሞ የቆሰለ፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ የደም ግፊት ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች እንደ ሆነስ? ትናንት አይቡፕሮፌን የገዛ ሰው ዛሬ ዳይክሎፌናክ ቢደርብ፣ ስሙ ስለ ተለየ ሌላ ዓይነት ይመስለዋል እንጂ ጉዳቱን እንዳባባሰው አያውቅም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ጨጓራው እየደማ ሊሆን እንደሚችል የነገረውም የለም።

ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ገዢውም ለመጠየቅ አይታገሥም፤ ሕመሙ ለጊዜው ሲተወው የዳነ ይመስለዋል። ስሙ ራሱ «ማስታገሻ» እንጂ «ማዳኛ» እንደማይል ልብ አይልም።

ስለዚህ በፖስታው ላይ ጥቂት መስመር በአማርኛ ይጨመር፤ ማንበብ ለማይችለውም በጉራግኛ ወይም በሚሰማው ቋንቋ በቃል ይነገረው እንላለን፦ «ከምግብ በኋላ ይዋጥ፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ይወሰድ፤ ከሌላ ማስታገሻ ጋር አይደረብ፤ ሰገራ ቢጠቁር ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይኬድ»። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ያችን ደቂቃ የነፈግነው ሰው ለወገቡ መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ የጨጓራ ቁስል ይዞ ቢመለስ፣ ከተጠያቂነት የምናመልጥ አይመስለንም።