አጃቢው ማን፣ ታጃቢው ማን?

እንደሚታወቀው በሕዝባዊ ሙዚቃችን ዘንድ አጃቢ ማለት ዘፋኙን የሚከተል ነው። ዘፋኙ ሲያዘግም ማሲንቆው አብሮት ያዘግማል፤ የክራሩም ክር በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይወጠራል። ዛሬ ግን የአጃቢነቱን ሥራ ኮምፒዩተር እየተረከበ በመሄዱ፣ ይህ ሥርዓት ተገልብጦ እንዳይቀር መምህራን ጉዳዩን ልንመረምረው ይገባል።

ከአጃቢ ፕሮግራሞች መካከል በስፋት የታወቀው፣ በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው የዜማውን ኮርዶች ይጽፋል፤ የምቱን ዓይነትና ፍጥነት ይመርጣል፤ ፕሮግራሙም የቤዝ፣ የድራም፣ የፒያኖና የጊታር አጀብ ያዘጋጅለታል። ባንድ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ብቻውን የሚለማመድ ተማሪም ምት መጠበቅን ይማርበታል። ይህን መካድ አይቻልም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቅኝት ላይ ነው። ለምሳሌ አምባሰልን እንውሰድ። ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶልና ላ ቤሞል ናቸው። ሚም ሆነ ሚ ቤሞል የለበትም። በዶ ላይ የተሠራ ሜጀር ኮርድ ግን ሚን ያስገባል፤ ማይነሩም ሚ ቤሞልን ያስገባል። በሁለቱም መንገድ ለቅኝቱ ባዕድ የሆነ ድምፅ ይሰማል። በአንቺ ሆዬማ ሶልም ቤሞል ስለሆነ፣ የዶ ሜጀር ኮርድ በአንድ ጊዜ ሁለት ባዕዳን ይዞ ይገባል። ከዚህም ሌላ ማሽኑ ኦክታቩን ባለ 100 ሴንት በሆኑ 12 እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፍለዋል። በማሲንቆ አንድ ክር ላይ ግን ጣት የሚያርፈው በጆሮ ፍርድ ነው።

በዚህ ረገድ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። አንድ ዕጩ መምህር አምባሰልን በማሲንቆ ከኮምፒዩተር አጀብ ጋር ሲጫወት፣ «ከዜማ ወጥተሃል» ብዬ ነጥብ ቀነስሁበት። በሳምንቱ «አርሜ መጣሁ» አለኝ። አጀቡን አጥፍቼ ባዳምጠው አምባሰሉ ጠፍቷል። «እስቲ እንደ መጀመሪያው ተጫወተው» ብለው አንዳች ስሕተት አልነበረበትም። ለካስ ከቅኝት የወጣው ማሽኑ ኖሯል! ነጥቡን መለስሁለት፤ በራሱ ጆሮ ላይ የነበረውን እምነት ለመመለስ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ታዲያ ፕሮግራሙን እንጣለው? አይደለም፤ በልካችን እናስተካክለው። ፒያኖውንና ጊታሩን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ቤዙም ከቅኝቱ ድምፆች እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ለአምባሰል ዶና ሶል ብቻ ይበቁታል። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው የራሱን የምት ዓይነት እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፣ ስድስት ስምንተኛ ተብሎ የሚጻፈውን ችክችካ ከበሮ መቺውን ሰምተን ልናዘጋጅለት እንችላለን። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችም እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ለማድረግ ያስችላሉ። ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ ከተጫዋቹ መጀመር አለበት፤ በቅድሚያ ያለ ማሽን ይጫወት፣ ይቀዳ፣ ከዚያ ማሽኑ ይስተካከልለት። ዘፋኙ ያለ ምት ስሜቱን በሚያንጎራጉርበት የትዝታ መግቢያ ላይ ደግሞ ማሽኑ መጠበቅ አያውቅምና ቢጠፋ ይሻላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከማሽኑ ጋር አልገጥም ስትሉ ወዲያው ጥፋተኞች ነን አትበሉ፤ አጥፉትና ራሳችሁን ስሙ። እኛም መምህራን ነጥብ ከመቀነሳችን በፊት እንዲሁ እናድርግ። ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ፣ ሰው በልብስ ልክ አይሰፋምና።