ለማያውቀን ሰው የሚጻፍ መዝገብ

አንድ ማኅበር «ለአሜሪካኖቹ ገንዘብ ተዘጋጀን» ብሎ ሲጠራኝ፣ የፕሮጀክት ሐሳባቸውን ከመስማቴ በፊት አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ባለፈው ወር ከገዛችሁት ዕቃ አንዱን ምረጡና ታሪኩን በወረቀት አሳዩኝ እላለሁ። ይገዛ ያለው ማን ነው? ዋጋ ያጠያየቀው፣ የከፈለው፣ የተረከበውስ? ዕቃው ዛሬ የት ነው? ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ይህን ሁሉ በቃላቸው አንዲት ሳንቲም ሳያዛንፉ ይነግሩኛል። ወረቀቱ ግን መካከል ላይ ይቋረጣል። ሥራዬ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሰው ስለ ግራንት ሲያወራ የሚያወራው ስለ ፕሮፖዛል ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ተቀጥሮ ፕሮፖዛል በሁለት ሳምንት ያወጣል፤ መዝገብ ግን በቅጥር አይመጣም። ፕሮፖዛሉ የወደቀበት ማኅበር የሚያጣው ድካሙን ነው። ገንዘቡን አግኝቶ ሰነድ የጎደለው ማኅበር ግን ኦዲተር «ያልተፈቀደ ወጪ» ብሎ የለየውን መልስ ይባላል። ልብስ ሰፍተው፣ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ጥቂት ሺህ ዶላር መልስ ቢባል ከየት ያመጣል? ስለዚህ ያልተሰናዳን ማኅበር ለውድድር አላቀርብም፤ ማስታወቂያው ቢያልፍም ይለፍ።

የሰፈሩ መነሻ ግን ደካማ አይደለም። በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ (የአሜሪካንና የጅቡቲን ነገር ሳነሣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሰውንም ልማዱንም ወደ ወደቡ ሲያመላልስ ኖሯል። ከልማዱ አንዱ እድር ነው። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የሚጽፈው ገንዘቡን አይዝም፣ የሚይዘው ብቻውን አይፈቅድም። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ርዕስ 2 ክፍል 200፣ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የፌዴራል ግራንት ተቀባዮች የሚተዳደሩበት፣ ስለ ውስጥ ቁጥጥር የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሥልጠና ስሰጥ የእድሩን ደብተር አስወጥቼ ከእሱ እነሣለሁ።

ልዩነቱ ያለው አንባቢው ላይ ነው። የእድሩን መዝገብ የሚያነቡት ጸሐፊዋን የሚያውቁ፣ ለቅሶ ቤት አብረዋት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የግራንቱን መዝገብ የሚያነበው ሰው ሰፈሩን አይቶት አያውቅም፣ ቋንቋውም ሌላ ነው። ደንቡ የመጨረሻው የሂሳብ ሪፖርት ከገባ በኋላ ሰነድ ለሦስት ዓመት ይቀመጥ ስለሚል፣ ያ አንባቢ ሲመጣ ገንዘብ ያዥዋ አገር ቤት ገብታ፣ ጸሐፊው ሌላ ሥራ ይዞ ሊሆን ይችላል።

«ልጄ፣ በዚህ ሰፈር እኔን የማያምን ሰው አለ?» አሉኝ አንዲት ገንዘብ ያዥ፣ ቅር ብሏቸው።

«የለም እማማ። ይህን የሚያነበው ሰው ግን እርስዎን የማወቅ ዕድል አላገኘም።»

ቅሬታቸው ተገቢ ነበር። ወረቀት ሲጠየቅ ጥርጣሬ ሆኖ የሚሰማው ሰው ታማኝነቱን ክብሩ ያደረገ ሰው ነው። እኔ ወረቀቱን የማቀርብላቸው እሳቸው በሌሉበት የሚመሰክርላቸው አድርጌ ነው፤ እውነትም ያ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረን ፋክቱር (የሻጭ ደረሰኝ) ነው። እዚሁ ሪያድ ገበያ ሽንኩርትና ከሰል የምትሸጥ ሴት ፋክቱር የላትም። የልጆች ምገባ ያለው ማኅበር ከእሷ ቢገዛ ደግ አደረገ፤ ዋጋዋ ርካሽ ነው፣ ገንዘቡም ሰፈር ውስጥ ይቀራል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፍለጋ ትልቅ መደብር ሄዶ እጥፍ መክፈል ደግሞ ራሱ ደንቡን ይጻረራል፣ ወጪ ተመጣጣኝ ይሁን ይላልና። የሚሠራው መንገድ የግዥ ማረጋገጫ ቅጽ ነው፦ ቀን፣ ዕቃ፣ መጠን፣ ዋጋ፣ የሻጯ ፊርማ ወይም አሻራ፣ የገዢና የምስክር ፊርማ። ግን ቅጹ በማኅበሩ የግዥ መመሪያ ውስጥ ቀድሞ መጻፍ፣ እስከ ስንት ፍራንክ እንደሚያገለግል መወሰን፣ ለጋሹም አይቶ መስማማት አለበት። ኦዲተር ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የተጻፈ መመሪያ አይቀበልም። ብዙ ማኅበራት መመሪያ ከሌላ ድርጅት ገልብጠው ያመጡልኛል፤ ውስጡ ስለ መኪና ስምሪት ሦስት ገጽ አለ፣ መኪና ግን የላቸውም። እኔ አራት ገጽ ይሁን፣ የምትሠሩትን ብቻ ይናገር እላለሁ፤ የማይፈጽሙትን መመሪያ መጻፍ ራሱ የኦዲት ግኝት ይሆናል።

ከዚያ ስምና አድራሻ ይመጣል። ቀላል ይመስላል፤ ወራት የሚበላው ግን እሱ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ማኅበር የሚቋቋመው ከፈረንሳዮቹ በቀረው የ1901 የማኅበራት ሕግ ነው፣ ወረቀቱም ፈረንሳይኛ ነው። የፌዴራል ግራንት በቀጥታ የሚፈልግ ደግሞ ሳም በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ገብቶ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 12 መለያ ማውጣት አለበት። ይህ መለያ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ደንስ የሚባለውን ቁጥር ተክቷል። ከአሜሪካ ውጭ ላለ ድርጅት ኤንኬጅ የሚባል ሌላ ኮድም ይጨመርበታል። የምዝገባ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ ባንክ ያለው ስም፣ ሳም ላይ የተሞላው ስም በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየ ማረጋገጫው ሊወድቅ ይችላል። አድራሻውም የፖስታ ሳጥን መሆን አይችልም። እዚህ ደግሞ ሰው አድራሻ ሲጠየቅ የሚሰጠው ቤፔ (የፖስታ ሳጥን) ቁጥሩን ነው፤ ቤቱን የሚያመለክተው በመስጊዱ ወይም በሱቁ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውልና የመብራት ደረሰኝ በማኅበሩ ስም እንዲሆኑ ቀድመን እናስተካክላለን፣ ፈረንሳይኛውን በተረጋገጠ ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ እናስመልሳለን። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ማስታወቂያ ወጥቶ ሰው ሁሉ ሲራወጥ ከመጀመር ምንም በሌለበት ወር ጀምሮ መጨረስ ይሻላል።

የማመልከቻ መዝጊያ ሰዓቱም ነገር አለ። የዋሽንግተን ከእኩለ ሌሊት 1 ደቂቃ በፊት ማለት በበጋቸው ለእኛ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የጅቡቲ የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ የእነሱ እርዳታ መስጫ ስልክ ሲሠራ እዚህ ባንክና ቢሮ ዝግ ነው። የማስገቢያ ቀናችን ብዬ የምጽፍላቸው ከእውነተኛው ሦስት ቀን ቀደም ያለውን ነው።

ለብዙዎቹ ከሂሳቡ ይልቅ የሚከብደው ታይም ሺት (የሥራ ሰዓት መዝገብ) ነው። ደንቡ ደመወዝ በእርግጥ በተሠራው ሥራ መዝገብ ይደገፍ ይላል፤ በጀቱ ላይ «ግማሽ ጊዜ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት ስደተኛ ይዛ ክሊኒክ የሄደች፣ ከሰዓት የልብስ ስፌት ያስተማረች፣ ማታ ሬሳ ለመሸኘት ያደረች አስተባባሪ ሰዓቷን ቁጠሪ ስትባል ስድብ ይመስላታል። ግን ያልተጻፈ ሰዓት ለጋሹ ዘንድ የለም። የአሜሪካ ኤምባሲዎች በአፍሪካ አገሮች ለሰፈር ሥራ የሚሰጡት የራስ አገዝ ፈንድ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፣ የኅብረተሰቡን መዋጮ ይጠይቃል፤ ጉልበትም መዋጮ ነው። ሰዓታቸውን የጻፉ ሴቶች ምን ያህል እንደሚሰጡ ራሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩታል።

ስለ አስተዳደር ወጪ ስናወራ ደግሞ አገር ቤት የተማርነው ፍርሃት ይከተለናል። በኢትዮጵያ የማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ድርጅቶች ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳያወጡ ታዘው ነበር፤ መመሪያው ደግሞ ክትትልንና ሥልጠናን የመሰለ፣ ፕሮጀክቱ የቆመበትን ሥራ፣ አስተዳደር ውስጥ ይቆጥር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጠበበው። የዚያን ዘመን ሰው ግን አሁንም የቢሮ ኪራይ በጀት ውስጥ ማስገባት ያሳፍረዋል። በአሜሪካ ደንብ የተደራደረበት ምጣኔ የሌለው ድርጅት ቀድሞ 10፣ ከጥቅምት 2024 ወዲህ እስከ 15 በመቶ ቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ መጠየቅ ይችላል። ጠይቁ እላለሁ። ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ያልቻለ ማኅበር ያንን ሁሉ ሰነድ በምን ሊጠብቅ ነው?

አንድ ነገር ጅቡቲ ላይ ይቀላል። ፍራንኩ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ ከ1973 ወዲህ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ባልደረቦቼ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ58 ብር ገደማ የተነሣው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ120 ሲያልፍ፣ በጀታቸውን መስመር በመስመር እንደ አዲስ ሠርተዋል።

በዚህ መንገድ እስከ ጫፉ የሄደ የእኛ ሰዎች ድርጅት አለ። ዶክተር ጸሐየ ተፈራ በ1983 በቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል አዲስ መጤዎችን ከመርዳት ተነሥቶ፣ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተዋውለው ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ከሚያሰፍሩት ጥቂት አገር አቀፍ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። ይህን ለሴቶቹ የምነግራቸው ሥራው በእኛ ሰዎች እጅ እንደሚቻል እንዲያዩ ነው። ያው ድርጅት የሚሠራበት የስደተኞች ቅበላ ጥር 2025 በአንድ ትእዛዝ መታገዱንም አብሬ እነግራቸዋለሁ።

በዚያው ወር የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ባብዛኛው ለ90 ቀን ቆመ፤ በመጋቢት ከአሜሪካ የልማት ድርጅት ከዩኤስኤድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ፤ ሐምሌ 1 ቀን 2025 ድርጅቱ እርዳታ ማስተዳደሩን አበቃ። በኅዳር 2021 የድርጅቱ ኃላፊ የነበሩት ሳማንታ ፓወር ሩብ ያህሉ ገንዘብ በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች ይድረስ ብለው ነበር፤ 10 በመቶ አካባቢ እንደቆመ ቀረ። እንደ 7 ቢስ ላሉ ማኅበራት ገንዘቡ ይመጣ የነበረው ባብዛኛው በትልልቅ ድርጅቶች ሥር በንዑስ ውል ነው። ንዑስ ውል ደንቡን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ ሲቋረጥም መጀመሪያ የሚቋረጠው የታችኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው ላይ አንቀጽ 200.340ን ጨምሬያለሁ። ለጋሹ መሥሪያ ቤት ግራንቱ ከዓላማው ጋር አይሄድም ካለ ሊያቋርጥ ይችላል የሚለው ነው። ከዚህ ተነሥተን የቤት ኪራይ ውልም ሆነ የሠራተኛ ቅጥር ግራንቱ ቢቋረጥ በምን ያህል ቀን ማስታወቂያ እንደሚፈርስ እንጽፋለን። ወደ አውሮፓ ኅብረት፣ ወደ ፈረንሳይ የልማት ድርጅት፣ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም እንሄዳለን፤ ቅጻቸው ይለያያል፣ የተሟላ የግዥ ሰነድና የተፈረመ ታይም ሺት ግን ሁሉም ይጠይቃሉ።

በአንድ ነገር ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ግራንት ሲመጣ አባላት የወር መዋጮአቸውን ያቆማሉ። ገንዘብ እያለ ለምን እናዋጣለን ይላሉ፣ ኑሮው ስለሚከብድ እረዳቸዋለሁ። ነገር ግን ከፌዴራል ገንዘብ ቀንሶ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ ጥር 2025 የሠራተኛን የመጨረሻ ደመወዝ መክፈል የሚችለው ከግራንቱ ውጭ የራሱ ገንዘብ ያለው ማኅበር ብቻ ነበር። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ከመፈረሙ በፊት መዋጮው እንደማይቋረጥና በሌላ የባንክ ሂሳብ እንደሚቀመጥ መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። መጠኑን እነሱ ይወስናሉ።