«ፈቃድ ስጥ» ስለሚለው አተረጓጐም

የኮምፒውተር መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ አንድን ፋይል ማን እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚጽፍበትና ማን እንደሚያስኬደው የሚደነግገው ምልክት «ፈቃድ» መባሉ የተለመደ ነው። ቃሉ ለጆሮ እንግዳ ባለመሆኑ ሳይመረመር አልፏል። እኛ ግን ሁለት ጉድለት አግኝተንበታል።

አንደኛ፣ «ፈቃድ» የመንጃና የንግድ ፈቃድን፣ የዓመት ዕረፍትንም ከማመልከቱ በላይ፣ በዚያው ሙያ በፕሮግራም የመጠቀም ውልን ይሰይማል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ አንባቢው ይደናገራል።

ሁለተኛውና ከባዱ፣ ቃሉ የሚያስከትለው ግሥ ነው። ፈቃድ በአማርኛ ይጠየቃል፣ ይሰጣል፣ ይነፈጋል እንጂ ልክ አይበጅለትም። በመሆኑም «አስተካክል» የሚለው ትእዛዝ በተርጓሚው እጅ «ፈቃድ ስጥ» ይሆናል። የፖስትግሬስን የመረጃ ቋት በኮንቴይነር የሚያስኬድ ሰው ይህን ቃል በቃል ቢከተል፣ የመረጃ ማውጫውን በ777 ለሁሉ ይከፍተዋል። አገልጋዩ ፕሮግራም ግን የሚቀበለው 700ን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው 11ኛ እትም ወዲህ ደግሞ 750ን ጭምር ነው፤ ከዚህ የላላ ማውጫ ሲያገኝ አልነሣም ይላል። ፈቃዱ ሲበዛ ሥራው ይቆማል፤ የተጠበቀውም መረጃ ለባዕድ ዓይን ይጋለጣል።

ብዙ ጊዜም እንቅፋቱ የባለቤትነት ነው። ሊኑክስ የፋይልን ባለቤት የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በይፋዊው የፖስትግሬስ ምስል ውስጥ የመረጃ ቋቱ ተጠቃሚ ቁጥር፣ በዴቢያን ላይ በተመሠረተው 999፣ በአልፓይን ላይ በተመሠረተው 70 ነው። ያው 999 ከኮንቴይነሩ ውጭ የሌላ ተጠቃሚ ቁጥር ሊሆን፣ ወይም ጨርሶ ስም ላይኖረው ይችላል። ኮንቴይነሩ ባለቤትን ለመለወጥ ሥልጣን በሌለው ተራ ተጠቃሚ ሲነሣ አለመግባባቱን ራሱ ሊያርም አይችልም። ስለዚህ «ባለቤት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «የባለቤት ቁጥር» መባል አለበት።

«ኮንቴይነር»ንም «መያዣ» ማለት አይበጅም፤ መያዣ ለብድር የሚቀርብ ዋስትና ነውና። የተለመደው የውሰት ቃል እንዳለ ቢቆይ ይሻላል።

ለ«ፈቃድ» ምትክ «የአጠቃቀም መብት» እንዲባል፣ ግሡም «መስጠት» ሳይሆን «መወሰን» እንዲሆን እናሳስባለን። «መብት ለሰው እንጂ ለፋይል አይነገርም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ምልክቱ የሚናገረው ግን ባለቤቱ፣ ቡድኑና ሌሎች ሊያደርጉ ስለሚችሉት ነው። «ወሰነ» ደግሞ ወሰንን፣ ማለት ድንበርን፣ ስለሚያስታውስ ማጥበቅንም ማላላትንም ይሸከማል። «ፈቃድ» ለውሉ ብቻ ይቅር። የስያሜ ሥራ ስሙን መርጦ አያበቃም፤ ስሙ የሚጠራው ግሥም አብሮ ሊመዘን ይገባል።